እኔ የትም ይሁንልኝ

«እሷን የትም ብታደርጋት ግድ የላትም» አለ ወንድሜ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ተንበርክኬ የሚስቱን ቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ነበር። ሚስቱ በርጩማ ላይ ቆማለች፤ የእኔ አፍ በእስፒል ተሞልቷል። ልብስ የሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ አፍ ውስጥ እስፒል እያለ መልስ የለም፣ ስድብ የለም፣ ምራቅ መዋጥ ራሱ በጥንቃቄ ነው። ወንድሜ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ ከጓደኛው ጋር በስልክ ያወራል። «እኛ መስኮት ያለው ይዘናል። እማዬንና እህቴን ደግሞ ውስጥ ውስጡን፣ መስኮት የሌለው። ምን ያደርግላቸዋል? እማዬ እንደሆነች በጊዜ ነው የምትተኛው። ማታ ማታ እኛ ወጣ ስንል ልጆቹንም እነሱ ጋ ጣል እናደርጋቸዋለን።» ቀና ብዬ ሚስቱን አየኋት። እሷ ጣሪያውን ታያለች። ጣሪያችን ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ከአምናው ዝናብ የቀረ ቡናማ እድፍ ብቻ ነው።

ይህን ወንድሜን በቤታችን ሊቀመንበሩ እንለዋለን። ልደት ይሁን ለቅሶ፣ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ስብሰባውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። እማዬ ሰባ ዓመት ሊሞላት ስለሆነ በሽርሽር መርከብ ባሕር ላይ ሳምንት እንድንከርም ያሰበው እሱ ነው፤ እውነቱን መናገር ነው፣ ሐሳቡ ደግ ነው። ያን ሰሞን የመርከቡን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «እቴቴ፣ ላንቺስ ምን ዓይነት ክፍል ይሁንልሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ደንቡ «ኧረ እኔ የትም ይሁንልኝ፣ ለእኔ አትጨነቁ» አልኩ። ደንብ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ «እንዴት ሆኖ! በሞቴ ተናገሪ» ይላል። እኔ «ተዉኝ እባካችሁ» እላለሁ። እሱ «እኔ ልሙት» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «እንግዲህ ካላችሁ፣ ውጭ የሚያሳይ ቢሆን ደስ ይለኛል» የሚለው። ሊቀመንበሩ ግን «በጣም ጥሩ» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። እማዬም «እኔ ደግሞ ምን ዓይን አለኝና» ብላ ስለነበር የሁለታችንም ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ተዘጋ። ለእኔና ለእሷ ሳይመረጥ የሚገዛውን ክፍል ያዘልን። ርካሹ እሱ ነው፤ ገንዘቡን ትከፍላለህ፣ የትኛው ክፍል እንደሚደርስህ ግን ድርጅቱ በመጨረሻ ከተረፈው ላይ ያድልሃል።

እኔ እኮ ቤተ መንግሥት አላማረኝም። የምሰፋበት ክፍል መስኮቱ የሚከፈተው ጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው። እጄን ብዘረጋ ግድግዳውን እነካዋለሁ። ጠዋትም ማታም አምፖል አብርቼ ነው የምውለው፤ ጥቁር ክርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ለመለየት ጨርቁን ተሸክሜ መንገድ ላይ እወጣለሁ፣ የሰፈሩ ሰው «ሰፊዋ ዛሬም ፀሐይ ልትጠይቅ ወጣች» ይለኛል። ባሕር ደግሞ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ባሕር ድረስ ሄጄም አምፖል ላይ ላፍጥ? ይሄን የምልለት ሰው አጥቼ ቀሚሱን ጠለፍ ጠለፍ አደረግኩና እስፒሉን አንድ በአንድ መልሼ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካሁ። ሚስቱ ከበርጩማው ወርዳ «እጅሽ ይባረክ እቴቴ፣ ለካፒቴኑ ግብዣ ማታ ነው የምለብሰው» አለችኝ። ሊቀመንበሩ መጋረጃውን ገልጦ ብቅ አለ። «እቴቴ፣ የፓስፖርቶቹን ኮፒ የጉዞ ቢሮው ታደርሺልኛለሽ? እኔ ስብሰባ አለብኝ።» አደርሳለሁ አልኩ። መቼ አላደርስም ብዬ አውቃለሁ!

የጉዞ ቢሮው ከአንድ የመድኃኒት መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንበሮቹ ጠባብ፣ ግድግዳው ሰማያዊ፤ አንድ ትልቅ መርከብ እንደ ዳቦ ለሁለት ተሰንጥቆ ሆዱ የሚታይበት ሥዕል ተለጥፏል። ሠራተኛዋ ጉንፋን የያዛት ወጣት ናት፤ በመሐረብ አፍንጫዋን እየጠረገች ኮፒዎቹን ተቀበለችኝ። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ቀና ብላ ፈገግ አለች። «እትዬ፣ ዕድለኛ ነዎት። የእናትዎና የእርስዎ ክፍል ዛሬ ጠዋት ወጥቷል። በረንዳ ያለው ነው የደረሳችሁ።»

«ተሳስተሽ እንዳይሆን ልጄ» አልኳት። «የእኛ ውስጠኛው ነው፣ መስኮት የሌለው።»

«ሳይመረጥ የሚገዛ እንዲህ ነው። የከፈላችሁበት ዓይነት ሞልቶ ካለቀ ከበላዩ ካለው ይሰጧችኋል። ሁሌ አይገኝም፤ አንዳንዱን ሞተሩ ጎን ይጥሉታል። እናንተን ግን ወደ ተሻለው ከፍ አድርገዋችኋል።» ተነስታ ሥዕሉ ላይ በእስክሪብቶ አሳየችኝ። መርከብ እንደ ቤት አይደለም አለች፤ ከላይ ያለ ሁሉ ክብር አይደለም። መርከቡ ሲወዛወዝ ጫፍና ጫፉ ነው የሚነሳው የሚወድቀው፣ ከላይም ይብሳል፤ መሐሉና ዝቅ ያለው ፎቅ ግን ረጋ ይላል፣ የሚያጥወለውለው ሰው እዚያ ነው መተኛት ያለበት። ከመዋኛው ገንዳ በታች የሚተኛ ሰው ጎህ ሲቀድ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ጉልበት ለሚያማት እናት ሊፍቱ ቅርብ ይሁን እንጂ በሩ ፊት ለፊት አይሁን፣ ሌሊቱን ሲንጫጫ ያድራል። የእኛ ክፍል መሐል ላይ ነው፣ ዝቅ ያለው ፎቅ፣ ላዩም ታቹም ሌላ መኝታ ክፍል ብቻ። እስክሪብቶዋን ያሳረፈችበት ቦታ ትንሽ አራት ማዕዘን ነበረች፣ ከፊቷ ሁለት ነጠብጣብ። «እነዚህ ምንድናቸው?» አልኳት። «ወንበሮች» አለች። ልቤ ድው ድው ይልብኝ ጀመር፣ እኔ ነኝ ያለች ሴትዮ ለሁለት ነጠብጣብ።

ጉዞ እንደማላውቅ ሳይገባት አልቀረም፣ ሌላም ሌላም መከረችኝ። ወደቡ ያለበት ከተማ በዋዜማው ግቡ አለች፤ መርከብ ለዘገየ ሰው አይቆምም። ሻንጣችሁን በር ላይ ይቀበሏችሁና ክፍላችሁ እስኪደርስ ይመሻል፣ ስለዚህ የእናትዎን መድኃኒት፣ ቅያሪ ልብስና ሹራብ በእጅ ቦርሳ ያዙ። እኔ ግን አንድ ጆሮዬ ብቻ ነበር የሚሰማት። «የወንድሜ ክፍልስ የቱ ነው?» ስላት ፊቷ ትንሽ ጨፈገግ አለ። እስክሪብቶዋ ከእኛ ከፍ ብሎ ረዘም ያለ ብርቱካንማ ነገር አጠገብ ቆመ። የነፍስ አድን ጀልባ ነው። «መስኮት አለው፣ ትልቅ መስኮት። ጀልባዋ ግን ልክ ፊቱ ተንጠልጥላለች። ለዚህ ነው ዋጋው የቀነሰው። ነግሬያቸው ነበር፤ 'አንዲት ጀልባ ባሕር ትከልላለች እንዴ?' ብለው ሳቁብኝ። ሥሩ ደግሞ የጭፈራው አዳራሽ ነው።» ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ከዚያ ሳቁ ራሱ ጠፋ፤ ምክንያቱም ልጅቷ ቀጥላ «ለእሳቸውም በስልካቸው መልእክት ደርሷቸዋል፤ በመካከላችሁ መቀያየር ከፈለጋችሁ ዛሬ ቢሮ ከመዝጋታችን በፊት አሳውቁኝ፣ ከዚያ በኋላ ስሙ አይነካም» አለችኝ። ያን ጊዜ ማታ ቤታችን ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ማን ምን እንደሚል፣ ማን እንደሚስቅ፣ እኔም «ምን ቸገረኝ» እንደምል።

ደረጃውን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ነው፣ ከስብሰባው ወጥቶ። «እቴቴ! ሰማሽ አይደል? ጉድ እኮ ነው! እንዴት ያለ ዕድል ነው!» እኔም «አዎ፣ ደስ ይላል» አልኩ። «እኔ የምለው» አለና ድምፁን አለሰለሰ፤ ወንድሜ ድምፁ ሲለሰልስ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ሊወስድብኝ ነው። «እማዬ በረንዳ ላይ ነፋስ ይመታታል፣ ደግሞ ብትወድቅስ? ባለቤቴ ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ መኪና ውስጥ እንኳ ያጥወለውላታል። ሩቁን ውኃ እያየች አየር ካላገኘች ሳምንቱን ሙሉ መታመሟ ነው። ብቻ ማታ መጥተን እንጨርሰዋለን። አንቺ እንደሆንሽ የትም ግድ የለሽም።» ስልኩን ዘጋው። አያችሁ፣ ሰው ክፉ ቢሆን እኮ ይቀላል። ሚስቱ እውነትም ያማታል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ስታደርስ ከረጢት ይዛ ነው። ለእማዬ ማሰቡም ሐሰት አይደለም። ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ትክክል ያልሆነችው እኔ ብቻ ነኝ፣ በረንዳ ያማራት አሮጊት።

ለቀሚሱ ዚፕ መግዛት ነበረብኝ። ክር ሻጩ ሱቅ ገብቼ «ምን ልስጥሽ?» ቢለኝ የመጣሁበት ጠፋኝ። ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ሻንጣ ቤት መስኮት ፊት ቆምኩ፤ ሻንጣዎቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረዋል፣ ባለሱቁ «ግቢ፣ ማየት አይከፈልበትም» አለኝ፣ አልገባሁም። ተመልሼ ዚፑን ገዛሁ። እግሬ አልቆም አለ፤ አንዱ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ልጠብቅ ቆሜ፣ መጠበቁ ሲያቃጥለኝ እስከሚቀጥለው በእግሬ ሄድኩ፣ አውቶቡሱ መሐል መንገድ ላይ አለፈኝ። የሚቀጥለው ሲመጣ ተሳፍሬ መስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩና መለማመድ ጀመርኩ። «አይሆንም።» ደግሜ፣ «አይሆንም።» ለካ ድምፄ ወጥቷል፤ አጠገቤ ሊቀመጥ የመጣ ሰውዬ ክው ብሎ «ሰው አለው እንዴ?» አለኝ። «ኧረ የለውም፣ ተቀመጥ ወንድሜ፣ ይቅርታ» ብዬ ቦርሳዬን ሰበሰብኩለት፣ ቀጥሎም መስኮቱን ከፈለገ ልልቀቅለት እንደሆን ጠየቅኩት። እሱም አላመነታም፣ እሺ ብሎ ገባበት! አያስቅም? ቀሪውን መንገድ የሰውዬውን ትከሻ እያየሁ ሄድኩ።

ቤት ስገባ እማዬ ከአልጋዋ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሬዲዮ ትሰማለች። ሬዲዮውን ቀነስኩት። «እማዬ፣ በረንዳ ያለው ክፍል ደረሰን» አልኳት። እማዬ ሻሿን አስተካከለች። «እነሱስ?» አለች። የነሱ መስኮት ጀልባ እንደከለለው፣ ማታ ክፍል ሊቀይሩን እንደሚመጡ ነገርኳት። አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። «ይሻላል» ትበለኝ፣ «አይሻልም» ትበለኝ፣ የፈለገችውን። እማዬ ግን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ «እኔ ምን አያለሁ ብለሽ ነው» አለችና ሬዲዮውን መልሳ ከፍ አደረገችው። ልቤ አዘነባት። ሰባ ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ነው የምትለው፤ ሥጋው ሲከፋፈል «እኔ አጥንቱ ይበቃኛል»፣ ብርድ ሲሆን «እኔ አይበርደኝም»። እኔስ ከማን ተማርኩት? አምፖሌን አብርቼ ዚፑን መትከል ጀመርኩ። ሰፍቼ ስጨርስ ተገልብጦ አገኘሁት፤ ከጀማሪነቴ ወዲህ ዚፕ ገልብጬ አላውቅም። ፈታሁትና ደግሜ ሰፋሁት። ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። መስኮቱን ከፈትኩና የጎረቤቱን ግድግዳ አየሁ። መልሼ ዘጋሁት።

መሸት ሲል መጡ። ልጆቹ እማዬን ሳም ሳም አድርገው ወደ ውስጥ ሮጡ። ሊቀመንበሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍቶ አስቀመጠው፤ የጉዞ ቢሮዋ ልጅ መስመር ላይ ናት፣ ስትስል ይሰማል። ሚስቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን አቅፋለች። እሷ ማፈሯ ይታያል፤ እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ ስብሰባውን ከፈተ። «እንግዲህ ነገሩ ቀላል ነው። ለእማዬም ደኅንነት፣ ለባለቤቴም ጤና ሲባል፣ በእቴቴ መልካም ፈቃድ...»

«አይሆንም» አልኩ።

ወንድሜ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ የለመደውን ደንብ ያየ ሰው ሳቅ ነው። ለካስ ደንቡን ያውቀዋል! ያን ለታ ምን ዓይነት ክፍል እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ጠፍቶበት የነበረው ደንብ ዛሬ ተመለሰለት። «ኧረ እቴቴ፣ በሞቴ!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«አይሆንም አልኩ እኮ።»

«እኔ ልሙት! ለልጆቹ ስትዪ! አንቺ እኮ እናታችን ማለት ነሽ።»

ቀሚሱን አጥፌ ጎኔ አስቀመጥኩት። «ወንድሜ» አልኩት፣ «አትሙት። ዕድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ። ክፍሉን ግን አልሰጥም። ባሕር ማየት እፈልጋለሁ። ከአልጋዬ ተነስቼ፣ በሬን ከፍቼ፣ ማየት እፈልጋለሁ። ልጆቹን አንድ ማታ እይዝላችኋለሁ፤ በየማታው ግን አልይዝም። ባለቤትህም ሲያጥወለውላት ቀን ትምጣና አጠገቤ ትቀመጥ፣ ደስ ይለኛል። ክፍሉ ግን የእኔና የእማዬ ነው።» ይሄን ሁሉ ስል ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ስልኩ ውስጥ ልጅቷ አስነጠሰችና «እና ተስማማችሁ ማለት ነው? ልዘጋ ነው» አለች። ወንድሜ እኔን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ መጨረሻ ላይ ወደ እማዬ ዞረ፤ የእማዬ ቃል እንደሚያድነው እርግጠኛ ነበር። እኔም እርግጠኛ ነበርኩ። «ስጪው ልጄ፣ አትጣሉ» የምትል መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

«እምቢ አለች እኮ» አለች እማዬ። «ስንቴ ትበልህ? ልጅቷንም አታስመሻት፣ ታማለች፣ ዝጋው።»

ሊቀመንበሩ ስልኩን ዘጋው። «ተለወጥሽ እቴቴ» አለኝ፣ ድምፁ እንደ ሕፃንነቱ ሆኖ። በእጄ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ተነስቶ ልጆቹን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ። ሚስቱና እኔ ተፋጠን ቀረን። ቦርሳዋን አስቀመጠችና ቀሚሱን ለብሳ መጥታ በርጩማው ላይ ወጣች፤ ጫፉ አላለቀም ነበርና። እኔም ተንበረከክሁ። እስፒሎቹን አፌ ውስጥ ከተትኩና ዙሪያውን ማስተካከል ጀመርኩ። ጣሪያውን አላየችም በዚህ ጊዜ፤ የእኔን አናት ነው የምታየው፣ ይሰማኛል።

«አንቺ» አለች እማዬ ከወንበሯ። «በረንዳው ላይ ወንበሩ ስንት ነው?»

እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁ።

«ሁለት ነው እማዬ።»

እማዬ ሻሿን ጠበቅ አደረገች፣ ምራቷን ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረች። «አንዱ የኔ ነው» አለች። «ለማንም እንዳትሰጪ።»